የፋናዬ ትከሻ

ገብረማርያም ከብት ያውቃል የተባለ ሰው ነበር። መተማ ገበያ በሬ ሊገዛ የመጣ ገበሬ መጀመሪያ እሱን ፈልጎ «እስቲ እይልኝ» ሳይለው ገንዘቡን ከመቀነቱ አይፈታም። እሱም በሬው ገና ከሩቅ ሲመጣ አረማመዱን አይቶ የትኛው እግሩ እንደሚያመው፣ ቀንበር የትኛውን ትከሻውን እንደጎዳው ይናገራል፤ ተናግሮም አይስትም። አባቱ ከአርማጭሆ ደጋ ወርደው ቆላውን ካቀኑ ጀምሮ ቤተሰቡ የሚኖረው በሰሊጥና በማሽላ ነው። ከከተማው ዳር፣ ከጣሊያኖቹ ምሽግ ፊት ለፊት ባለው መንደር ሁለት ጎጆ ቀልሶ ከሚስቱ ከአገኘሽና ከሦስት ልጆቹ ጋር ይኖር ነበር።

ጣሊያን መተማን በያዘ በሦስተኛው ዓመት፣ በ1931 ጥቅምት ላይ አዋጅ ተነገረ። በምሽጉ ዙሪያ ያለ አባወራ ሁሉ ከልጆቹ አንዱን ለትምህርት እንዲሰጥ ታዘዘ። ገብረማርያም አዋጁን በሰማ ማግስት የበኩር ልጁን አዛናውን ስንቅ አስይዞ በጫካ መንገድ ወደ አርማጭሆ፣ ወደ ወንድሙ ወደ ጀምበሩ ላከው። ጀምበሩ ከአርበኞቹ ጋር ነው። ወንድ ልጅ ጣሊያን ትምህርት ቤት ገባ ማለት ነገ የጣሊያን ጠመንጃ ተሸክሞ በገዛ አጎቱ ላይ ሊተኩስ ነው ማለት እንደሆነ ገብረማርያም አልጠፋውም። ቤት የቀሩት የአሥራ ሁለት ዓመቷ ፋናዬና ገና ጡት ያልጣለ ጨቅላ ነበሩ። ስለዚህ ፋናዬ ተሰጠች። ሴት ልጅ ብትማርም ባትማርም ጣሊያንን የምትጠቅመው ነገር የለም ብሎ፣ ጎተራውን የማይጎዳውን እህል መርጦ ለግብር እንደሚሰፍር ሰው ሰጣት።

የሴቶቹ ትምህርት ቤት ከምሽጉ ግርጌ የተሠራ ሰፊ የሣር ዳስ ነው። አስተማሪዋ ብዙ ዓመት ሱዳን የኖረች፣ ፊቷን ፀሐይ ያቀላው አንዲት ጣሊያናዊት መነኩሴ ነበረች። ስሟ ተክላ ሲባል ሰው ሁሉ ተገረመ። የእኛን ስም ይዛ ከነሱ ጋር ምን ታደርጋለች አሉና፣ ውለው አድረው እማሆይ ተክላ ይሏት ጀመር። ዐረብኛ እንደ ውሃ ትናገራለች፤ ከአማርኛ የምታውቀው «ነይ»፣ «ተቀመጪ»፣ «ጎሽ» የሚሉትን ያህል ነው። ከወላጆቹ ጋር ስትነጋገር የሚያስተረጉምላት ኸሊፋ ነበር። ኸሊፋ በመተማና በገላባት መካከል ሰሊጥና ጨው፣ ቡናና አቡጀዲ የሚያመላልስ ነጋዴ ነው። እሱም ሴት ልጁን ዋሲላን፣ ስፌት ትማርልኝ፣ መስቀልሽን ግን እንዳታሳልሚያት ብሎ፣ መነኩሲቷን አስምሎ ሰጥቷት ነበር።

ትምህርቱ የሚጀመረው ከፊደል በፊት በሰውነት ማጠንከሪያ ነበር። ፊሽካ ይነፋል፤ ሃያ ልጆች በሁለት መስመር ይሰለፋሉ፤ እጃቸውን ወደ ላይ ያወጣሉ፣ ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ይነካሉ፣ ደረታቸውን ነፍተው እግራቸውን እያነሱ ይራመዳሉ። መነኩሲቷ ጤና ነው ትላለች። የምሽጉ አዛዥ ካፒቴን ግን ሌላ ሐሳብ ነበረው። በመጋቢት ከጎንደር ትልቅ ሹም ይመጣልና ወንዶቹም ሴቶቹም እንደ ወታደር ተሰልፈው እንዲታዩለት ይፈልግ ነበር።

ጥር ላይ አንድ ጠዋት ካፒቴኑ ሰልፉን ሊጎበኝ መጣ። በመስመሩ ፊት እየተራመደ በአለንጋው ጫፍ ሰባት ልጆች ነክቶ አወጣ። የመጀመሪያዋ ፋናዬ ነበረች። ቀኝ ትከሻዋ ከግራው ዝቅ ብሏል፤ ጀርባዋም ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው። እነዚህ ሰልፉን ያበላሻሉ፣ ወይ ቀጥ ይበሉ ወይ ይቅሩ ብሎ ሄደ። በማግስቱ መነኩሲቷ የሰባቱን ልጆች አባቶች አስጠራች።

ገብረማርያም የመጣው ሳይወድ በግዱ ነው። ምሽጉ ደጅ መታየትም አይፈልግም። ዳሱ ውስጥ ሲገባ ፋናዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆማለች። መነኩሲቷ በቀሚሷ ላይ ከማጅራቷ እስከ ወገቧ የጀርባዋን አጥንት እየዳሰሰች በጠመኔ ነጥብ ነጥብ አድርጋለች። ከዚያ የጥይት እርሳስ ጫፉ ላይ የታሰረ ክር ከማጅራቷ ላይ ይዛ ወደ ታች ለቀቀችው። ክሩ ቀጥ ብሎ ወረደ። ነጥቦቹ ግን ከክሩ ሸሽተው ወደ ግራ ወጡና ወገቧ ጋ ሲደርሱ ተመለሱ። ገብረማርያም አየ። ለማየት ባይፈልግም አየ። ምሽጉ ሲሠራ ግንበኞቹ እንዲህ እያደረጉ ግድግዳ ሲለኩ ስላየ፣ ነገሩ ምን እንደሆነ ገባው፤ ሲገባውም ፊቱ ተለዋወጠ።

«ልጄ ግድግዳ አይደለችም፣ ቱንቢ የምትጥልባት» አለ ወደ ኸሊፋ ዞሮ። «ደግሞ የሰው አገር በግፍ የያዘ ሰው የሰው ልጅ ጠማማ ነው ሲል አያፍርም ወይ? በልና ይህን ንገራት።»

ኸሊፋ ጢሙን ዳሰስ ዳሰስ አደረገና በዐረብኛ ጥቂት ተናገረ። የተናገረው ከተባለው ግማሹንም አይሞላም። መነኩሲቷ ራሷን ነቀነቀች፤ አባት ቢቆጣ አይፈረድበትም ያለች ትመስላለች። ልጅቱ በየቀኑ ከሌሎቹ አንድ ሰዓት ቀድማ መጥታ ለብቻዋ እንድትለማመድና ጀርባዋ ላይ ልሙጥ እንጨት ታስሮ እንድትቆም አዘዘች። ፋናዬ ይህን ሁሉ ስትሰማ አንድ ጊዜም ዞራ አላየቻቸውም።

ያን ለት ማታ ራት ላይ ገብረማርያም ልጁን በዓይኑ ተከተላት። ሳህን ስታቀርብ፣ እጅ ስታስታጥብ፣ ጨቅላውን ከእናቱ ተቀብላ ስታዝል አያት። በሬ ቢሆን ከሩቅ ያውቀው ነበር። ልጁን በየቀኑ እያያት እንዴት አላየም? ለአገኘሽ የሆነውን ነገራት። ወባ ያከሳት አገኘሽ መደብ ላይ እንደተጋደመች አልደነገጠችም። «እኔስ ምኔ ቀጥ ያለ ነው?» አለች። «እናቴም እንዲሁ ጎብጣ ነው የሞተች። የሴት ጀርባ ቀጥ ብሎ የሚያውቀው መቼ ነው?» ገብረማርያም ሚስቱንም ያን ለት ገና እንዳያት ሆኖ ተሰማው።

ልምምዱ ቀጠለ። የካቲት ሲገባ ሐሩሩ በረታ። አንድ ቀን ገብረማርያም ለሚቀጥለው ዘር ቁጥቋጦ ሲመነጥር ኸሊፋ በበቅሎ እየጋለበ መጣና ፋናዬ ልምምድ ላይ እንዳለች መውደቋን ነገረው። ገጀራውን እዚያው ጥሎ ሮጠ። ሲደርስ ልጅቱ በዳሱ ጥላ ሰሌን ላይ ተጋድማ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ ዓይኗን ገልጣ ነበር። እንጨቱ ተፈትቶ ወዲያ ተጥሏል። መነኩሲቷ አጠገቧ ተንበርክካ በእርጥብ ጨርቅ ግንባሯን ትጠርጋለች። ምን በልታ ነው የመጣችው፣ ስንት ሰዓት ተኝታለች እያለች ኸሊፋን ስትጠይቀው ገብረማርያም አቋረጣት።

«እንዲህ በላት» አለው። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «ይህች ልጅ አንቺ ጋ ከመምጣቷ በፊት ሁለት ጊዜ ኾር ወርዳለች። ወንዙ አሁን ደርቋል፤ አሸዋውን በእጇ ቆፍራ፣ በቅል እየጨለፈች እንስራ ሙሉ ውሃ ቀድታ፣ ያን ዳገት በጀርባዋ ተሸክማ ወጥታለች። ተመልሳም ደግማለች። እናቷ ታማለች፤ ሌላ ሰው የለም። ከዚያ አንቺ ፊሽካ ትነፊባታለሽ። ጭነቷን ገና ያራገፈች በቅሎ ሩጪ ተብላ ስትወድቅ ጥፋቱ የበቅሎዋ ነው ወይ?»

በዚህ ጊዜ ኸሊፋ አንዲት ቃል አልቀነሰም። መነኩሲቷ ሰምታ ጨርቁን ፋናዬ ግንባር ላይ አድርጋ ቀና አለች። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። ነገ ጠዋት ስንት ሰዓት ነው የሚወረደው?

በማግስቱ ወፍ ሲንጫጫ መነኩሲቷ ኾሩ ዳር ከሴቶቹ ቀድማ ቆማ ተገኘች። ነጭ ልብሷን ከፍ አድርጋ በገመድ ታጥቃለች። ገብረማርያም እውነት ትመጣ እንደሆነ ሊያይ ከልጁ ጋር ወርዶ ነበር። ፋናዬ አሸዋውን ቆፍራ ውሃው እስኪጠራ ጠብቃ እንስራውን ሞላች። መነኩሲቷ ጀርባዋን ሰጠች። ሴቶቹ እየሳቁ እንስራውን አነሡና አሸከሟት፤ ገመዱንም በደረቷ ላይ አዙረው በእጇ አስያዟት። ጎንበስ አለች። ቀጥ ለማለት ሞከረች፤ ውሃው ማጅራቷ ላይ ተንቦጫቦጨና ተመልሳ ጎበጠች። ቀጥ ብሎ እንስራ መሸከም እንደማይቻል ያን ጊዜ የገባት ትመስላለች።

ዳገቱን ሦስት ጊዜ እያረፈች ወጣች። ሁለተኛው ላይ በጉልበቷ ተንበርክካ ነበር፤ እንስራውን ግን አልሰበረችውም። የሴቶቹ ሳቅ ቀስ በቀስ ጠፋ። ገብረማርያም ቤት ደጃፍ ሲደርሱ እንስራውን አወረዱላትና ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ለመነሣት ስትሞክር ወገቧ አልታዘዝ አላት። አገኘሽ ከነሕመሟ ወጥታ ውሃ በዋንጫ ሰጠቻት። መነኩሲቷ ጠጥታ ዋንጫውን በሁለት እጇ መለሰች። ገብረማርያም ከዚያን ቀን ጀምሮ እማሆይን «እርስዎ» ይላቸው ጀመር፤ ለራሱም ሳይታወቀው።

እሳቸው ግን አልጨረሱም። እንስራው እንደሞላ በገብረማርያም አህያ ላይ ተጭኖ፣ ፋናዬም ተከትላ፣ ሁላቸውም ኸሊፋ መደብር ሄዱ። ኸሊፋ ሰሊጥ የሚመዝንበት ከግንድ ላይ የተንጠለጠለ ትልቅ ሚዛን አለው። እማሆይ ፋናዬን በአንደኛው በኩል አስቀመጧት። በሌላው በኩል እንስራውን አደረጉ። የፋናዬ ወገን ወረደ። እማሆይ ኸሊፋን ማሽላ እንዲጨምር አዘዙት። ከእንስራው ጎን አንድ ቁና ማሽላ ሲደረግ የፋናዬ እግር ከመሬት ተነሣና ሚዛኑ እኩል ሆነ።

ፋናዬ ገመዱን ይዛ እግሯን አንጠልጥላ አባቷን ታያለች፤ ምን እንዳጠፋች የምትጠይቅ ትመስል ነበር። ገብረማርያም በሕይወቱ በአህያ ላይ የራሱን የአህያውን ክብደት ያህል ጭኖ አያውቅም። አንድ ጊዜ እንዲያውም ጎረቤቱ ልትወልድ የደረሰች ላም ሲጭን አይቶ ተጣልቶታል። ሚዛኑ ፊት ቆሞ ይህን አሰበ። ከዚያ ልጁን በሁለት እጁ አንሥቶ አወረዳትና ነጠላዋን አስተካከለላት። ከሕፃንነቷ ወዲህ እንዲያ ሲያነሣት የመጀመሪያው ነበር።

ከኸሊፋ ሁለት ባዶ የቤንዚን ቆርቆሮ ለመነ። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ቆርቆሮዎቹን በአህያው ግራና ቀኝ አስሮ ራሱ ኾር ወረደ። አባወራ ውሃ ሲቀዳ በዚያ አገር ታይቶ አያውቅም። አሸዋውን እየቆፈረ ሳለ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተያዩ። ከሁሉ በዕድሜ የምትበልጠውና አፏ የማይታሰረው ታይቱ ግን ሳቋን አልደበቀችም።

«ገብረማርያም፣ አገኘሽ ሞተች እንዴ?» አለችው።

«አልሞተችም» አለ ቀና ሳይል። «እንዳትሞት ነው።»

ወሬው ከእሱ ቀድሞ መንደር ገባ። ጠላ ቤት ሲገባ ሰው ውሃ ይቅዱልን እያለ ተሳለቀበት። የሚሰማው ውርደት ሐሰት አልነበረም፤ ጆሮው ይግላል። ሆኖም በማግስቱ ወረደ፤ በሣልስቱም ወረደ። በሁለት ሳምንቱ የታይቱ የልጅ ልጅ እንስራዋን ይዛ መንገድ ላይ ጠበቀችው። አያቷ ልከዋት ነው፤ አህያው ላይ ቦታ ካለ ብለው። ቦታ አልነበረም፤ እሱ ግን ሌላ ቆርቆሮ አስሮ ቦታ አበጀላት።

በትምህርት ቤቱም ነገሩ ተለወጠ። እማሆይ ፊሽካውን ሰቀሉት። ልጆቹ ጠዋት ሲመጡ መጀመሪያ ሰሌን ላይ በጀርባቸው ይጋደማሉ፤ የመጀመሪያው ትምህርት መተኛት ነው። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ አንድ በአንድ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሲነሡ በዳሱ አግዳሚ እንጨት ላይ በእጃቸው ተንጠልጥለው ጀርባቸውን ይዘረጋሉ። በመጨረሻ ዋሲላ አስተማሪ ትሆናለች። የዋሲላ ቤተሰብ ሴቶች ውሃ የሚሸከሙት በጭንቅላታቸው ነው፤ አንገታቸውም እንደ ዘንባባ ቀጥ ያለ ነው። ዋሲላ ጣባ ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ እጇን ለቃ ስትራመድ ሌሎቹ ይከተሏታል፤ ጣባው ይወድቃል፣ ይሳቃል፣ እንደገና ይነሣል። ፋናዬ ማታ ማታ በቤት ስትለማመድ ገብረማርያም በጎን ያያት ነበር። የደጋ ሰው ልጅ በጀርባ እንጂ በራስ አይሸከምም የሚል ቃል ምላሱ ላይ መጥቶ ዋጠው።

መጋቢት ገባ። ካፒቴኑ ሰልፉ የት እንደደረሰ ሊያይ ሲመጣ ሃያ ልጆች ሰሌን ላይ ተዘርረው ተኝተዋል። እማሆይ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉበት። የተነጋገሩትን ያወራችው ከጣሊያንኛው ጥቂት የለቀመችው ዋሲላ ናት። ካፒቴኑ ጮኸ። እማሆይ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ እነዚህ ወታደር አይደሉም፣ የደከማቸው ልጆች ናቸው አሉት። ሹሙ ፊት ልጆቹን ማሰለፍ ከፈለገ ሰባቱም ከነጀርባቸው ይሰለፋሉ፤ ካልሆነ አንዲትም አትሰለፍም አሉ። ካፒቴኑ ሲጮህ ልጆቹ ሁሉ ነቅተው ነበር፤ ነገር ግን እማሆይ ተነሡ እስኪሏቸው አንዷም ከሰሌኗ አልተነሣችም።

ሹሙ ሲመጣ ወንዶቹ ብቻ ተሰለፉ። ከፋሲካ በኋላ ለእማሆይ ከበላይ የመጣ ደብዳቤ ደረሳቸው፤ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ ተባለ፤ ትምህርት ቤቱም ተዘጋ። የሚሄዱ ለት በካሚዮኑ ዙሪያ ልጆቹና ጥቂት እናቶች ቆመው ነበር። ገብረማርያም ከጣሊያን ካሚዮን አጠገብ መታየቱ ምን እንደሚያስወራበት እያወቀ መጣ። ኸሊፋን በክንዱ ይዞ አቀረበው።

«ሳትቀንስ ንገርልኝ» አለው። «እማሆይ፣ ወገኖችዎ ካገሬ ቢወጡልኝ ስለቴ ነው። እርስዎ ግን ቢቀሩ ደስ ባለኝ።»

ኸሊፋ ምሽጉን በዓይኑ ጠርዝ አየና እንዳለ ተረጎመው። እማሆይ ከት ብለው ሳቁ፤ እየሳቁም ዓይናቸው እንባ ሞላ። ፋናዬን አስጠግተው ትከሻዋን በሁለት እጃቸው ዳሰሱ፤ «ጎሽ» አሏት። ካሚዮኑ ወደ ጎንደር መንገድ ሄደ። ከዚያ በኋላ ወሬያቸውን የሰማ የለም።

ጊዜው አልቆመም። በ1933 ጥቅምት መጨረሻ ገላባት ላይ መድፍ ማጓራት ጀመረ፤ አውሮፕላን ከላይ፣ እሳት ከታች ሆነ። ገብረማርያም ቤተሰቡን ይዞ በሳንጃ በኩል ወደ አርማጭሆ ወጣ። በጉዞው ላይ ጭነቱ የአህያው ነበር፤ አህያው ሲደክም የገብረማርያም ሆነ። አገኘሽ ትንሹን ልጅ ፋናዬ ትዘለው ስትል፣ ተራ በተራ እናዝላለን፣ ፋናዬ ግን ባዶ እጇን ትሂድ አለ። እሷም ባዶ እጇን መሄድ አሳፍሯት ሽሮ የያዘች ቅል ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ፣ ያን ሁሉ ገደል ሳትይዛት ሄደች። ጀምበሩና አዛናው አምባው ላይ ተቀበሏቸው። አዛናው አባቱን ቁልቁል የሚያይ ጎረምሳ ሆኗል።

ጥር ላይ ጣሊያን መተማን ለቆ ሄደ። ቤተሰቡ ከፋሲካ በፊት ወደ ቆላው ወረደ። ጎጆዎቹ ተቃጥለው ስለነበር አዲስ ቀለሱ። ያን ጊዜ ፋናዬ አሥራ አራት ዓመቷን አልፋለች። ትከሻዋ ቀጥ አላለም። ክሩ ቢወርድ ኖሮ ነጥቦቹ አሁንም ይሸሹት ነበር፤ ነገር ግን ነገሩ አልባሰም። ደረቷ ከፍ ብሏል፣ አንገቷ ረዝሟል፤ የማያውቃት ሰው ኩራት ይመስለዋል።

ከፋሲካ በኋላ ከአብርሃ ጅራ በኩል ሙሉአለም ለሚባል ልጅ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ደኅና ቤት ነው፤ መሬት አላቸው፣ በጦርነቱም ስማቸው አልተነካም። ነገሩ በመልካም ተጀመረ። ፋናዬ ውሃ አቅርባ ስትመለስ ግን ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዓይኑን ከጀርባዋ አልነቀለም።

«ልጂቱ ትከሻዋ ዘንበል ያለ መሰለኝ» አለ። «ከውልደቷ ነው ወይስ ወድቃ ነው? ቅር አይበልዎ፤ ስንመለስ እንጠየቃለንና ነው።»

አገኘሽ ከመጋረጃው ኋላ ሆና ወድቃ ነው በል እያለች በልቧ ለመነችው። በዘር የመጣ ነውር ከሆነ ልጅቱ አትፈለግም፤ መውደቅ ግን የማንም ዕጣ ነው። ገብረማርያም ሽማግሌውን ቀና ብሎ አየው።

«ከውልደቷም አይደለም፣ ወድቃም አይደለም» አለ። «ስትወለድ ቀጥ ብላ ነው የተወለደችው። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ እንደ ራሷ የሚከብድ ውሃ ያሸከምኳት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ጠይቃችሁኛልና ይኸው። አሁን በኛ ቤት ውሃ የሚያመጣው አህያ ነው፤ የሚነዳውም እኔ ነኝ። በእናንተ ቤትም እንዲያ የሚሆን ከሆነ እንነጋገር። ካልሆነ ልጄን አልሰጥም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አባት ልጁን ሲያሞግስ ሰምተዋል፤ ራሱን ሲከስ ሰምተው አያውቁም። መክረን እንመለሳለን ብለው ተነሡ፤ የመጣላቸውንም ጠላ አልጨረሱትም። አገኘሽ ወጥታ አለቀሰች። ገመናችን አደባባይ ወጣ፣ ከእንግዲህ ይህን ደጅ የሚረግጥ የለም እያለች ብዙ ተናገረች። ገብረማርያም ደጃፉ ላይ ወጥቶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ልክ ሠራሁ ብሎ እንኳ ራሱን ማጽናናት አልቻለም።

ፋናዬ ዘግየት ብላ መጣች። የቀረውን ጠላ በዋንጫ ይዛለት ነበር። እስኪጠጣ ቆማ ጠበቀች።

«አባቴ፣ አይዘኑ» አለችው። «ትከሻዬን እኮ አሁን አያመኝም።»

ገብረማርያም ዋንጫውን አወረደ። «በፊት ያምሽ ነበር?»

«ያመኝ ነበር» አለች። «ሌሊት በጎኔ መተኛት አልችልም ነበር።»

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

ፋናዬ ግራ እንደገባት ሆነች። ሁሉንም ሰው የሚያመው መስሏት ነበር። እናቷ ያማታል፤ ኾር የሚወርዱት ልጆች ሁሉ ያማቸዋል፤ የሚያመውን ሁሉ ማን ይናገረዋል? ይህንኑ ነገረችው። ገብረማርያም እጇን ይዞ አጠገቡ አስቀመጣት። ሽማግሌዎቹ ስለመጡበት ጉዳይ እሷ ምን እንደምታስብ ጠየቃት፤ በዚያ አገር አባት እንዲህ ያለ ነገር ለልጁ አያነሣም። ብዙ ካፈረች በኋላ፣ ሙሉአለም የሚባለውን አላውቀውም፣ ሁለት ዓመት ብቆይ ግን እወዳለሁ አለችው።

ሽማግሌዎቹ በግንቦት አጋማሽ ተመልሰው መጡ። ልጁ ሁለት አህያ አለው አሉ፤ ውሃ ለመቅዳትም አላፍርም ብሏል። ገብረማርያም ደስታውን ፊቱ ላይ ሳያሳይ፣ ልጄ ሁለት ዓመት ትቆይልኝ ትላለች ብሎ የፋናዬን ቃል ነገራቸው። ያ ትከሻዋን ያየው ሽማግሌ ልጅቱ ራሷ አለች ወይ ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀ። ራሷ ነው ያለችው አለ ገብረማርያም። ሽማግሌዎቹም ይሁን አሉ፤ ያን ለት ጠላውን ጨርሰው ሄዱ።